የይርጋነሽ ጀርባ

ሰገነት ዮጋ የጀመረችው ለጤናዋ ብላ ነው ቢሏችሁ እንዳታምኑ። ራሷን ያማት ነበር፣ እሱስ እውነት ነው። ግማሽ ራሷን ቀስፎ ይዞ ብርሃን የሚያስጠላት፣ በጠራራ ቀን መስኮት አስዘግቶ የሚያስተኛት ማይግሬን ነበረባት። ነገር ግን ከቢቸና ተነስታ፣ ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን አልፋ፣ በሚኒባስ እየተንገላታች ሞጣ ድረስ የወሰዳት ራስ ምታቷ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ ቂም ነበረባት። ቂም መጥፎ ነው እያለ የሚመክረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተበደለ ሰው ነው።

ቂሟ ከጎረቤቷ ከይርጋነሽ ጋር ነው። ሁለቱ አጥር ለአጥር ተጎራብተው፣ እሳት እየተጫጫሩ፣ አንዷ ስትወልድ አንዷ ገንፎ እያገነፋች የኖሩ ሴቶች ናቸው። ሰገነት ልብስ ሰፊ ናት። የጥምቀት ቀሚስ፣ የሙሽራ ካባ፣ የቀዳሽ ልብስ ሳይቀር እሷ ቤት ይሰፋ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጥምቀት ሲቃረብ ይርጋነሽ የልጇን ልጅ ይዛ መጣችና የበዓል ልብስ አስለካችው። ሰገነት ሜትሯን ሕፃኑ ትከሻ ላይ አሳረፈች፣ ጉንጩን ሳም አደረገችው፣ አበቃ። በዚያው ሳምንት ሕፃኑ ጉሮሮው አብጦ፣ ትኩሳቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ ደብረ ማርቆስ ተወስዶ ሆስፒታል ገባ።

ልጁ ዳነ። የሰገነት ስም ግን ሞተ። ሕፃኑ ገና አልጋ ላይ እያለ ይርጋነሽ በየቤቱ እየዞረች “ሰገነት ለካችው፤ ወዲያው ወደቀ። ዓይኗ ነው የበላው” ብላ ወሬውን ነዛችው። ቡዳ ናት ማለቷ ነው። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው እንዲህ ሲባል አገሩ ምስክር አይጠይቅም፤ ድሮም ጠርጥረን ነበር የሚል አይጠፋም። እናቶች በሰገነት ደጅ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ልብስ የሚያሰፋውም ሰው ራሱ መምጣቱን ትቶ ልኩን በአሮጌ ቀሚስ በሰው ይልክ ጀመር፤ ሰውነቱን እንዳታየው ነው።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የልጇን ነገር ነው። ልጇ ማርያማዊት ፋርማሲስት ናት፤ ሞጣ ለሚያስተምር ኃይለ ሚካኤል ለሚባል መምህር ታጭታ፣ የሰርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር። ወሬው ሞጣ ሲደርስ ልጁን ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሽማግሌዎቹን ጠርተው “እኛ ከቡዳ ቤት አንጋባም” አሉና ነገሩን ቆረጡት። ማርያማዊት አላለቀሰችም። እናቷ የጀመረችላትን የሰርግ ቀሚስ ራሷ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ አስገባች፣ ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፋችና ሥራዋ ሄደች። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ሰገነት መጀመሪያ ራሷን ያመማት ያን ቀን ነው።

ሽማግሌ አልጠፋም፤ ደጋግሞ መጥቷል። “በዝግ ቤት ተሳሳሙና ይለቅ” ይላሉ። ሰገነት እንዴት ብላ! በዝግ ቤት የታረቀች ሴት ከዝግ ቤት ስትወጣ ያው ቡዳ ናት። “በአደባባይ የሰደበችኝ በአደባባይ ትካሰኝ” አለች። “በጊዮርጊስ ደጅ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ ትጎንበስልኝ። ዋሽቻለሁ ትበል። ያኔ ድንጋዩን በእጄ አወርድላታለሁ።” የአገሩ ወግ እንዲያ ነው፤ በዳይ ድንጋይ ይሸከማል፣ ድንጋዩን ከአንገቱ የሚያወርድለት የተበደለው ብቻ ነው፣ እስኪያወርድለት ድረስም ጎንብሶ ይጠብቃል። ይርጋነሽ ግን “ለእሷ ከምጎነበስ ልሙት” አለች። ሽማግሌዎቹም ደከማቸውና ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ራስ ምታቱ ቤተኛ ሆነ። የቢቸናው የጤና መኮንን ሐብታሙ የሚያውቀውን ኪኒን ሁሉ ሞክሮላት ሲያበቃ አንድ ቀን እጁን ሰጠ።

“እትዬ ሰገነት፣ ይሄ ጭንቀት ነው” አላት። “አንገትዎም እንጨት ሆኗል። ሞጣ ዘይዳ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት አለች፤ ሴቶችን ዮጋ ታሠራለች። ኪኒን ያልመለሰውን ራስ ምታት ሁሉ እሷ ጋ ነው የምልከው።”

“ዮጋ?” ሰገነት ሳቀች። “በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሰርከስ ልጅ ልገለባበጥ? ደግሞስ የባዕድ አምላክ ስግደት ነው ይሉ የለ?”

ዘይዳን ግን ታውቃታለች። አባቷ አብዱሰመድ ሞጣ ላይ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰገነት ክርና ጨርቅ የምታመጣው ከእሳቸው ነው። ቀጥሎ ስትሄድ ወሬውን አንስታ ጠየቀቻቸው። ልጃቸው ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን እንደምታሠራ፣ የሞጣ ትልልቅ እመቤቶች እንደሚመጡ ነገሯት። “እነ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እንኳ አይቀሩም፤ ደም ብዛት አለባቸው” አሉ አብዱሰመድ፣ ምን እንዳቀበሏት ሳያውቁ።

ሰገነት የመረጠችውን ክር ባንኮኒው ላይ ትታ ወደ ጓሮ ዞረችና ተመዘገበች። ያች ሴት ትየኝ ብላ ነው። ዓይኔን እየፈራች፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትተንፍስ ብላ ነው።

ዘይዳ የራሷ አሠራር አላት። አዲስ ሴት የምታስገባው ሌሎቹ ሁሉ ፊታቸውን መሬት ከደፉ በኋላ ነው፤ ማንም እንዳያያትና እንዳታፍር። አዲሷም ትንበረከካለች፣ ተረከዟ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ወደ ፊት ታጥፋ ግንባሯን መሬት ታስነካለች። ከለመዱት አንዷ መጥታ መዳፏን ጀርባዋ ላይ ታሳርፍላታለች። ከዚያ ዘይዳ “ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?” ብላ ትጠይቃለች። መልሱን የሚሰማ እንጂ መላሿን የሚያይ የለም። ብዙ ሴት ለነፍስ አባቷ ያልነገረችውን እዚያ መሬት ላይ ትናገራለች ይባላል።

ሰገነት ግን አልተናገረችም። “ከስፌት ነው” ብላ ዋሸች። መናገሩ ይቅርና መደፋቱም አልሆነላት። ጉልበቷ ሲጮህ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። መቀመጫዋ ከተረከዟ፣ ግንባሯ ከመሬቱ ተራርቀው አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የሁዳዴን ስግደት እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፋ በግማሽ የምትሰግድ ሴት ናት። ዘይዳ ከመደርደሪያ ጣቃ ጨርቅ እያወረደች ግንባሯ ሥር ደረደረችላት፤ ከአንድም ሁለት ሦስት ጣቃ። ሰገነት ፈርታ “በስመ አብ” ስትል ዘይዳ ሳቀች።

“እርስዎ በስመ አብ ይበሉ፣ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ” አለቻት። “ወገብ የሁላችንም አንድ ነው። በሉ ትንፋሽ ያስገቡ። ሲያስገቡ የሚወዱትን ነገር ያስቡ። ሲያስወጡ የከበደዎትን ይልቀቁት።”

ሰዓቱ ሲያበቃ ሴቶቹ ቀና አሉ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሰገነትን አዩ። ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ማዶው ግድግዳ ወሰዱ፣ ነጠላቸውንም እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ሌሎቹም ነገሩን በሹክሹክታ ተቀባበሉና አንድ በአንድ ሸሹ። ሰገነት በክፍሉ መሃል ብቻዋን ቀረች። በመልስ መንገድ ራሷ ሊፈነዳ ደርሶ ግንደወይን ላይ ሚኒባሱን አስቁማ አስመለሳት።

“እማዬ፣ ምን አለ ብትተይው?” አለቻት ማርያማዊት፣ እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ እያደረገችላት። “እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።”

“እኔ አልረሳሁም” አለች ሰገነት። ልጅቷም አልረሳችም፤ ሻንጣው እስካሁን አልጋው ሥር ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን ሁለተኛ ሞጣን አትረግጥም። ሰገነት ግን በሳምንቱ ሄደች፤ በሌላውም ሳምንት ሄደች። መንገዱ ሲዘጋ ትቀራለች፣ ሲከፈት ትሄዳለች። ዘይዳ የሚወዱትን ያስቡ ስትል ሰገነት የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ ይርጋነሽ በጊዮርጊስ ደጅ ተደፍታ። ትንፋሽ ስታስገባ ድንጋዩን ታከብደዋለች። ስታስወጣ ሰው ትሰበስባለች፤ ካህናቱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ልጆቻቸውን በነጠላ የሸፈኑት እናቶች ሁሉ ይመጣሉ። ይርጋነሽ “በቃኝ፣ አውርጂልኝ” ትላለች። ሰገነት አታወርድም። እንዲህ እያሰበች ሳለ፣ ሳታውቀው ወገቧ ይለቃል፣ ትከሻዋ ይወርዳል። ዘይዳ ይቅርታ ሰውነትን ያላላል ብላ ታስተምራለች፤ የሰገነትን ሰውነት ያላላው ግን በቀል ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግንባሯ ሥር የሚደረደረው ጨርቅ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አለቀ። ግንባሯ መሬት ነካ። ራስ ምታቷም አልጋ ላይ መጣሉን ትቶ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ።

“ጎበዝ!” አለች ዘይዳ። “እንግዲህ አዲስ ሴት ስትመጣ የሚደግፏት እርስዎ ነዎት። እንደ እርስዎ ደርቆ የመጣ ሰው አላየሁም፤ የደረቀ ሰው ጭንቅ ይገባዎታል። እጅዎ ግን ሸክም እንዳይሆን። አንገት ላይ ደግሞ በፍጹም አይጫኑ፤ ሰው ይሰብራል።”

አዲሷ ሴት የመጣችው በጽጌ ወር ነው። ሰገነት ከኋላ ጥግ ላይ ግንባሯን ደፍታ ነበር። በሩ ተከፈተና አንድ ሳል ሰማች። ያንን ሳል ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በአጥር በኩል ሰምታዋለች፤ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው ሳል። ሰገነት ግንባሯን ሳታነሳ ዓይኗን ገለጠች።

“ይግቡ እትዬ፣ አይፍሩ” አለች ዘይዳ።

“የጤና መኮንኑ ነው የላከኝ። ራሴ ሊገድለኝ ነው” አለ የይርጋነሽ ድምፅ። “ከሩቅ ነው የመጣሁት። የሚያውቀኝ ሰው የለም አይደል?”

“ሁሉም መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ይንበርከኩ።”

ይርጋነሽ እያቃሰተች ተንበረከከች። ጉልበቷ ጮኸ። ዘይዳ መጥታ የሰገነትን ትከሻ ነካ አደረገችና ወደ አዲሷ ሴት ጠቆመቻት። ሰገነት ተነሳች። በተደፉት ሴቶች መካከል በባዶ እግሯ ቀስ ብላ አለፈች። ከፊቷ የይርጋነሽ ጀርባ ነበር። የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋችው ራሷ ሰገነት ናት፤ በደጉ ጊዜ፣ ይርጋነሽ ወንድ ልጇን ስትድር። የአንገቱን ጥልፍ በእጇ ነው የጠለፈችው።

መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ይርጋነሽ በረጅሙ ተነፈሰች፤ እጁ የማን እንደሆነ አላወቀችም። ሰገነት እጇን ቀስ እያደረገች ወደ ላይ አስጠጋች፤ ከወገብ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ አንገት ሥር። ድንጋዩ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረችው አንገት መዳፏ ሥር ነበር፤ ሞቃት ነው፣ ደም ሥሩ ይመታል። ሙሉ ክብደቷን አንዴ ብትለቅበት ነገሩ ያልቃል። ማርያማዊት ቀሚሱን አጣጥፋ ስታስቀምጥ ታየቻት። ክንዷ ተገተረ።

“ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?” አለች ዘይዳ።

ይርጋነሽ አፏ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ ግን ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ “በአንዲት ሴት ምክንያት ነው” አለች።

የሰገነት ክንድ ባለበት ቀረ።

“ልጄ ሥራ በሄደበት የሕፃኑን እንጥል አስቆረጥኩ” አለች ይርጋነሽ። “ልጄ ‘አደራ፣ እንዳታስነኪው’ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ እኛ ተቆርጠን አይደል ያደግነው ብዬ በድብቅ ወሰድኩት። የቆራጩ ምላጭ ምን እንደነበረው እንጃ፣ ጉሮሮው አመረቀዘ። ልጄ ‘ምን አደረግሽው?’ ብሎ ሲጮህብኝ ፈራሁ። ሁለተኛ ፊቴን አያይም ብዬ ፈራሁ። በዚያ ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ለክታው ነበር። እሷ በላችው አልኩ። ሰው ሁሉ አመነኝ። ልጇ ታጭታ ነበር፣ ሰርጓ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አጥሯን ባየሁ ቁጥር ራሴን ይፈልጠኛል።”

ማዶ ግድግዳ ሥር ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ግንባራቸውን ከመሬት አነሱ።

ሰገነት ጎንበስ አለች። ከጥቂት ወራት በፊት ጫማዋን ለማሰር እንኳ እንዲህ መጎንበስ አትችልም ነበር። አፏን ወደ ይርጋነሽ ጆሮ አስጠግታ “ስሟን ጥሪያ” አለቻት።

ይርጋነሽ ድምፁን አወቀችው። ልትነሳ ስትል እጁ አንገቷ ሥር ነበር፤ አልተጫናትም፣ አልለቀቃትምም።

“እትዬ ሰገነት!” ዘይዳ ጮኸች። “ምን እያደረጉ ነው? እጅዎን ያንሱ!”

“አነሳለሁ” አለች ሰገነት። “ድንጋይ የሚያወርደው የተበደለው ነው። መጀመሪያ ስሟን ትጥራ።”

“ሰገነት ናት” አለች ይርጋነሽ፣ ማልቀስ ጀምራ። “የቢቸናዋ ሰገነት። ዋሽቼባታለሁ።”

“አልተሰማም። ማዶ ግድግዳ ድረስ ይሰማ።”

“ዋሽቻለሁ! ሰገነት ቡዳ አይደለችም! ልጁን ለበሽታ የዳረግኩት እኔ ነኝ!”

የሰገነት አንጀት ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ደስታ በሰርጓም ቀን አላየችም። ማዘን ነበረባት ትሉ ይሆናል፤ አላዘነችም። ይርጋነሽ ምንጣፉ ላይ ስትንሰቀሰቅ ጥቂት አቆየቻት፤ ለማርያማዊት ብላ ጥቂት፣ ፊታቸው በነጠላ ስለተሸፈነባት ሕፃናት ብላ ደግሞ ጥቂት። ከዚያ እጇን አነሳች።

“ይኸው፣ ይሄ የሞጣው ነው” አለቻት። “የቢቸናው ደግሞ ጊዮርጊስ ደጅ ይጠብቅሻል። እምቢ ካልሽ ልጅሽ የሕፃኑን እንጥል ማን እንዳስቆረጠ ከእኔ አፍ ይሰማል።”

ዘይዳ ፊቷ በቁጣ ቀልቶ መካከላቸው ገባች። “እዚህ ቤት ሰው የሚናገረው ተማምኖ ነው” አለች። “እጅዎን ያመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እትዬ ሰገነት፣ ከእንግዲህ እዚህ እንዳይመጡብኝ።”

ይህ ሰገነትን ወጋት። ዘይዳ እውነቷን ነው፤ ከአልጋ ያነሳቻትም እሷ ናት። ይቅርታ ልጠይቃት ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በዚያ ቀን ይቅርታ የሚባል ቃል ከእሷ አፍ መውጣት አልነበረበትም። “አልመጣም” አለችና ምንጣፏን ጠቀለለች።

የሱቁ በር ላይ ስትደርስ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከኋላዋ ደረሱባት። ነጠላቸው ከፊታቸው ወርዷል፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

“ሰገነትዬ፣ እኛ እኮ አላወቅንም” አሉ። “የሰው ወሬ ነው ያሳሳተን። ኃይለ ሚካኤልም እስካሁን ሌላ አላየ። ማርያማዊት ደህና ናት? እንዲያው ሽማግሌ ብንልክ ምን ይመስልሻል?”

ሰገነት ጎንበስ አለችና፣ ግድግዳ ሳትደገፍ፣ የሸራ ጫማዋን ክር አሰረች። አንደኛውን አጥብቃ ስትጨርስ ወደ ሌላኛው ሄደች፤ ወይዘሮዋ ቆመው ጠበቋት። ቀና ስትል በልማዷ ራሷን ዳሰሰች። አላመማትም።

“የልጄን ነገር የምትጠይቁት ልጄን ነው፤ እሷ እምቢ ካለች የእኔ እሺታ አይጠቅማችሁም” አለች። “ከሽማግሌው በፊት ግን ወደ ደጄ እርስዎ ይመጣሉ። ድንጋዩን እኔ እመርጥልዎታለሁ። መጎንበሱን እንደሆነ ዘይዳ አስተምራዎታለች።”